ጠልሏል ያልኩበት ጥር

ባለፈው ኅዳር የሚከራይ ቤት ፍለጋ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ ውስጥ ስዞር፣ አንድ የቆርቆሮ አጥር ጥግ ስደርስ እግሬ አልራመድ አለኝ። ከግቢው ውስጥ ጌሾ ይቀቀላል። ያ መራራ፣ እርጥብ እንጨት እንጨት የሚል እንፋሎት በአጥሩ ሽንቁር ወጥቶ ፊቴን መታኝ። ደላላው ዞር ብሎ «ምነው፣ ቤቱን አልወደዱትም?» አለኝ። ቤቱን ገና አላየሁትም። «ሌላ አሳየኝ» አልኩትና ቀድሜው ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ።

የእትዬ ትርንጎ ቤት እንደዚያ ይሸት ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አባየ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ካለው ቀያችን አንሥቶ ጎንደር ያመጣኝ ለታላቅ እህቱ ሊሰጠኝ ነበር። «ሊሰጠኝ» የምለው ለእኔ እንደዚያ ስለመሰለኝ ነው። እሱ ያለው «ከአክስትሽ ዘንድ ሆነሽ አምስተኛ ክፍል ትገቢያለሽ፤ እሷንም ታግዣታለሽ» ነው። የእኛ አገር ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። ከመኪናው ስንወርድ «የሺ፣ የምትልሽን ስሚ» አለኝና አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ጉንፋን የያዘው መስሎኝ ነበር።

እትዬ ትርንጎ ከቀሃ ወንዝ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር፣ ባሏ ትቶላት በሞተው ቤት ብቻዋን የምትኖር ጠጅ ጣይ ነበረች። ልጅ የላትም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላዋ ሁልጊዜ የታጠበ። በዚያ ሰፈር ሠርግ ያለበት ሰው ገና ቀን ሳይቆርጥ እሷ ዘንድ ይመጣል። የእሷ ጠጅ ብርሌ ውስጥ ሆኖ ከጀርባው ሰው ቢስቅ ጥርሱ ይቆጠራል ይባል ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰነፍ ትመስለኝ ነበር። መርፌ ውስጥ ክር አስገቢልኝ ትለኛለች። ምስር ልቀሚልኝ ትለኛለች። እሷ በሩ ላይ ቆማ ሳለች ሰው ሲመጣ «ማን እንደሆነ እይልኝ» ትለኛለች። ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ዕቃ ከቦታው ንቅንቅ እንዲል አትፈልግም። አንድ ቀን የፈላ ውኃ ከነማንቆርቆሪያው ከምድጃው አንሥቼ መተላለፊያው ላይ አስቀመጥኩ። በእግሯ መታችው፤ ውኃው ቁርጭምጭሚቷን ላጠው። ጮኸችና በጥፊ አለችኝ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ወደ እሷ ሳበችኝ።

«የሺ፣ አላየሁትም።»

«እፊትሽ እኮ ነበር፣ እትዬ።»

«እፊቴ ያለውን ነው የማላየው። ግራ ዓይኔ ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈ። ቀኙንም ሞራ ጋርዶታል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለይልኝ። ይህን የምታውቁት አንቺና እግዜር ብቻ ናችሁ። ለአባትሽም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትይ።»

«ምነው?»

«ዕውር የጣለችውን ጠጅ ማን ይጠጣል?»

ሐኪም ቤት እንኳ የማትሄደው ሰው ያየኛል ብላ ነበር። እኔ ሞራ ሲባል የማውቀው በግ ሲታረድ ከሆዱ የሚወጣውን ስብ ነው። ስለዚህ ስብ በልታ በልታ ወደ ዓይኗ የወጣባት መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጥ ውስጥ ስብ ሳገኝ እየለቀምኩ እኔ እበላላት ነበር። የነቢያት ጾም ሲገባ ደግሞ ደስ አለኝ። እስከ ገና ጮማ ካልቀመሰች ዓይኗ ይጠራል ብዬ ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

ደጅ ስንወጣ እጇን ትከሻዬ ላይ ታሳርፋለች። ጎረቤቶቻችን «ትርንጎ በስተርጅና ልጅ አገኘች፤ አቅፋት እኮ ነው የምትሄደው» ይሉ ነበር። የምመራት ግን እኔ ነበርኩ። ቦይ ሲመጣ ትከሻዬን ከፍ፣ ቁልቁለት ሲሆን ዝቅ አደርግላታለሁ። ማንም ሳያስተምረን እንደዚያ ተግባባን። ከተማው ትልቅ ነው፣ የክፍል ጓደኞቼ በአነጋገሬ ይስቁብኛል። ያ እጅ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ግን የሚያስፈልገኝ ሁሉ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

ለጠጁ ዓይን አያስፈልጋትም፤ ከአንድ ነገር በቀር። ማሩን በጣቷና በምላሷ ታውቀዋለች። ብርዙን በጥብጣ ሰፈፉን በእጇ ጠርጋ ታወጣለች። ጋኑን በወይራ ስታጥን ጭሱ ሲበቃው በአፍንጫዋ ትለያለች። ጠጁ መፍላት ሲጀምር ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ «ነይ ስሚ፣ ካፊያ ጀመረ» ትለኛለች። ጆሮዬን ሳስጠጋ እውነትም ሣር ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ሹክ ሹክ ይላል። ጌሾው ወጥቶ፣ ጠጁ በነጭ ሻሽ ተጠልሎ ሌላ ጋን ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ነው። አንቡላው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ላዩ ይጠራል። መጥራቱን በእርግጥ የሚናገር ግን ዓይን ብቻ ነው።

ያ ሥራ የእኔ ሆነ። ጠዋት ጠዋት በቅል ጨልፋ ብርሌ ትሞላለች። እኔ መስኮቱ ዘንድ ቆሜ ብርሌውን ወደ ብርሃን አነሣና ጣቴን ከጀርባው አደርጋለሁ።

«ጣትሽ ይታይሻል?»

«ጥላው ብቻ።»

«ጥቂት ቀን ቆይቶ ጣትሽ ይታያል። ከዚያ ጥፍርሽ። የጥፍርሽ ጫፍ፣ ነጩ የታየሽ ቀን ጠልሏል ማለት ነው።»

በጥቅምትና በኅዳር የጣለችው ጠጅ እንዳለችው ሆነ። «ነጩ ታየኝ!» ስላት እጇን አጨብጭባ «ዓይኔ! የኔ ዓይን!» እያለች አናቴን ትስመኛለች። ጠጁ በሄደበት ሁሉ ተመሰገነች። ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ አያ አዱኛ መጣ። ወፍጮ ቤት ያለው፣ ድምፁ ወፍጮውን የሚያስንቅ ሰው ነው። ሴት ልጁን ከጥምቀት በኋላ ሊድር ነው።

«ትርንጎ፣ የሙሽራው ወገን ከሩቅ ነው የሚመጣ። ጠጁ ሸጋ ይሁንልኝ። ስሜን ላንቺ ሰጥቻለሁ።»

«አታስብ፣ አያ አዱኛ» አለችው።

አራት ጋን ጣለች። የዚያ ዓመት ብርድ ግን የጉድ ነበር። ደጅ ያደረ ውኃ ላዩ ይጋገራል። ጠጁ ካፊያውን ቶሎ አቆመ፣ ድምፁ ጠፋ፣ ድፍርስ እንዳለ ቀጥ አለ። «ብርድ ይዞታል» አለች እትዬ። ጋኖቹን በጭድና በአሮጌ ጋቢ ጠቀለልናቸው። ወደ ምድጃው አስጠጋናቸው። ሁለተኛ አጠለልነው፤ ሻሹን አጥፈን፣ እኔ ይዤ እሷ እየገለበጠች፣ ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ። ሻሹ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ይቀራል። በማግሥቱ ብርሌውን ሳነሣ ግን ያው የአገሬ የወገራ ጭጋግ ነው። ገና መጣ፣ ሄደ። ጠጁም አልጠራ፣ የእትዬም ዓይን አልጠራ።

እየቆየች ጠባይዋ ተለወጠ።

«ብርሌውን በደንብ አጥበሽዋል?»

«አጥቤዋለሁ።»

«መስኮቱ ተከፍቷል?»

«ተከፍቷል።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የማይታይሽ!»

ጠጁን ያደፈረስኩት እኔ ይመስል ትጮህብኛለች። አንድ ጠዋት ብርሌውን ከእጄ ቀማችኝና ራሷ ወደ መስኮቱ አነሣችው። ቀኝ ዓይኗን አፍጥጣ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ መልሳ ሰጠችኝ። እኔ የተቆጣች መሰለኝ። ፈርታ እንደነበር የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

አስተማሪያችን የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ ይጀምራል አለን። ለእትዬ ነገርኳት።

«እስኪጠልል ድረስ ትምህርት ቤት የለም» አለች። «ሻሹን የሚይዝልኝ፣ የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«እትዬ፣ ፈተና እኮ ነው። ካልተፈተንኩ እወድቃለሁ።»

«እኔ ከወደቅሁ አንቺ የት ትቆሚያለሽ?»

ይህን አነጋገሯን ክፋት ነው ብዬ ያዝኩት። ገረድ ልታደርገኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ጥምቀት ዕለት ከተማው በሙሉ ታቦቱን ሊሸኝ ሲወርድ፣ እኛ ከበሮውንና እልልታውን በመስኮት እየሰማን ከጋኖቹ ጋር ዋልን። አዲስ የተገዛልኝ ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። የዚያን ቀን ጠላኋት።

ፈተናው በማግሥቱ ሊጀምር፣ እሑድ ጠዋት ብርሌውን አነሣሁ። ጣቴ ይታየኛል። ቢጫ ሆኖ፣ ደብዝዞ፣ ግን ጣት ነው። ጥፍሬ የለም።

«እህሳ?» አለች ከኋላዬ።

«ነጩ ታየኝ።»

አላጨበጨበችም። መጥታ ጣቷን ብርሌው ውስጥ ነከረችና ቀመሰችው። ምላሷን ላንቃዋ ላይ አጣብቃ ቆየች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ጠልሏል፣ እትዬ።»

«ነጩ?»

«ነጩ።»

አማተበች። አናቴን ፈልጋ ሳመችኝ። «በይ እንግዲህ ደብተርሽን አንሺ፣ ነገ ተፈተኚ» አለችኝ።

የልጅ ሐሳብ ነበረኝ። ሠርጉ ገና በሚቀጥለው እሑድ ነው፤ እስከዚያ ጠጁ ራሱ ይጠራል፣ ውሸቴም እውነት ይሆናል ብዬ ነበር። ሰኞ ተፈትኜ ስመለስ ግን ሦስቱ ጋኖች የሉም። እትዬ ጠልሏል ብላ ልካ፣ የአያ አዱኛ ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው ወስደዋቸዋል። ጠጅ ሲጠልል አንቡላው ቀርቶ ላዩ ብቻ ተቀድቶ ነው የሚሄደው። እሷም ያንን አድርጋ ነበር፤ ግን ከላይ የቀዳችውም ገና ድፍርስ ነበር። መጠባበቂያ ብላ ያስቀረችው አንድ ጋን ብቻ ጥጉ ላይ ቆሟል። ከዚያ ቀን እስከ እሑድ እንጀራ አልወርድ አለኝ። እትዬ የፈተናው ጭንቀት መስሏት «አይዞሽ» ትለኝ ነበር።

እሑድ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ወደ ሠርጉ ሄድን። ዳሱ ውስጥ ከትልልቆቹ ሴቶች ጎን አስቀመጧት፤ እኔ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። አሳላፊዎቹ ብርሌ ይዘው ይዞሩ ጀመር። የሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ ብርሌውን በሸራው ቀዳዳ ወደሚገባው ብርሃን አነሣ። አየው። ጎኑ ላለው ሰው አሳየው። ሁለቱም ሳይቀምሱ አስቀመጡት። ከዚያ አንዱ ጎረምሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይሄ ጠጅ ነው ወይስ የክረምት ቀሃ?» አለ። ያ ጠረጴዛ በሙሉ ሳቀ።

እትዬ ሳቁን ሰምታ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «ምን አሉ?»

«ሸጋ ነው አሉ።»

ፈገግ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። ቀና ብላ፣ ሰው የሚያመሰግናት ሰው እንደሚቀመጠው ተቀመጠች። ያን ፈገግታ ሳይ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

አያ አዱኛ ብርሌ ይዞ በሰው መሃል መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ትርንጎ! ምነው? ምን በደልኩሽ?»

«ምን ሆንክ፣ አያ አዱኛ?»

«እስቲ እይው! ዓይን የለሽም?» ብሎ ብርሌውን እጇ ላይ አኖረው።

እትዬ ብርሌውን ወደ ብርሃን አነሣች። ሰው ሲያይ እንደሚያደርገው አንገቷን ዘንበል አደረገች። አንድ ቃል ብትናገር፣ «ልጅቷ ነች ጠልሏል ያለችኝ» ብትል፣ ሰው ሁሉ «አንቺስ አላየሽውም?» ይላታል።

«አየሁት» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቸኮልኩ።»

«ቸኮልኩ ትለኛለች! ስሜን ላንቺ ሰጥቼ!» አያ አዱኛ ለቢራ ሰው ላከ። ሴቶቹ ወንበራቸውን ከእሷ ትንሽ ፈቀቅ አደረጉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ትከሻዬን አስጠጋሁላት። እጇ አልመጣም። የሰውን አጥር በመዳፏ እየዳበሰች ሄደች። አጥሩ አልቆ ቦዩ የሚጀምርበት ስትደርስ «እትዬ፣ ቦይ አለ» አልኳት። በእግሯ ጫፍ ፈለገችው፤ ሳታገኘው ወደቀች። ጉልበቷ ደማ። ልይዛት ስሄድ እጄን በክንዷ መለሰችው፣ ሳትቆጣ፣ ዝንብ እንደምትመልስ።

ቤት ስንገባ «እትዬ፣ ለፈተናው ብዬ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«እስከ እሑድ ይጠራል ብዬ ነበር።»

«የሺ፣ ስቀምሰው ምላሴ ገና ነው ብሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ጠጅ የጣልኩበት ምላስ ነው። አንቺ ነጩ ታየኝ ስትይኝ ምላሴን ትቼ አንቺን አመንኩ።»

አልመታችኝም፣ አልሰደበችኝም። ያን ቀን ብትመታኝ ኖሮ ዛሬም አመሰግናት ነበር።

ከዚያ በኋላ የነገርኳትን ነገር ሁሉ ታረጋግጥ ጀመር። ጨው ነው ብዬ ሳቀብላት ጣቷን ነክራ ትልሳለች። በሩ ተዘግቷል ስላት ሄዳ ትዳስሰዋለች። ሰው የለም ስላት «ማነው?» ብላ ወደ ባዶው ደጅ ትጣራለች። ፈተናው ተመለሰ፤ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣሁ። ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩላት። «እሺ፣ ሰው ያነብልኛል» አለችና ከመቀነቷ ሸጎጠችው።

ጥጉ ላይ የቀረው ጋን ከሠርጉ በኋላ በስምንተኛው ቀን ጠለለ። ማንም አልነካውም፣ ብርዱም ቀንሶ ነበር። እሷ ሳትጠይቀኝ ብርሌ ሞልቼ መስኮቱ ዘንድ ቆምኩ። ጥፍሬ ታየኝ፣ ነጩ፣ ከሥሩ የነበረችው ትንሽ ቁስል ሳትቀር። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እትዬ፣ ጠልሏል» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለጠጅ የሚመጣ ሰው ቀረ። ለሁለት የሚበቃ ነገር ስላልነበረ የካቲት ላይ ለአባየ ሰው ላከችበት። አምስተኛ ክፍልን በአጋማሹ ትቼ ዕቃዬን ጠቀለልኩ። አባየ ምንም አላወቀም፤ እህቱ የከሳችው ከብርዱ መስሎታል። ልሸኛችሁ ብላ ክንዱን ይዛ መናኸሪያ ድረስ መጣች። እሱ ዕቃውን ሊያስጭን ሲሄድ ሁለታችን ብቻችንን ቆምን።

በአንዱ መኪና መስታወት ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ። «እትዬ፣ የአምባ ጊዮርጊስ መኪና ይህ ነው» አልኳት።

ጎናችን ጆንያ ላይ ተቀምጣ ከሰው ጋር የምታወራ ሴት ነበረች። ዓይኗን ሰው እንዳያውቅባት ያን ሁሉ የሆነችው እትዬ ወደ ድምፅዋ ዞር አለችና፣ «እናቴ፣ አይታየኝም፤ ይህ መኪና የት ነው የሚሄደው?» አለቻት።

«አምባ ጊዮርጊስ» አለች ሴትዮዋ።

«በይ ግቢ» አለችኝ እትዬ።

ገባሁ። አባየ ከጎኔ ተቀመጠ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አየኋት። ከቆመችበት ቦታ አልተነቃነቀችም። እጇን አንሥታ፣ ከእኛ ጎን ቆሞ ሞተሩን ላስነሣው ለአዲ አርቃዩ መኪና ታውለበልብ ነበር።